ትንሿ ሀሪኬንና የደብረ ማርቆስ አየር

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከውጭ አገር የመጣ አንድ ዘመዳችን ጠባብና ረጅም የካርቶን ሣጥን አምጥቶ ሰጠኝ። ሣጥኑን ስቀበለው ባዶ መስሎኝ ነበር። በክዳኑ ላይ የጦር አይሮፕላን ሥዕል አለበት፤ ሥዕሉና በእጄ ላይ ያለው ክብደት ግን ሊገናኙልኝ አልቻሉም። ከፍቼ ባየው ከወፍራም ወረቀት ብዙ የማይበልጡ ነጣ ያሉ የእንጨት ገበታዎች፣ ስንደዶ የሚመስሉ ቀጫጭን ዘንጎች፣ ታጥፎ የተቀመጠ ሰፊ ንድፍ፣ ጥቂት ሽቦና ሁለት ትንንሽ ጎማዎች አገኘሁ። ሞተር የለም፤ ራዲዮ የለም፤ ማጣበቂያ እንኳ የለም። ይህን ሁሉ ገዢው ራሱ ፈልጎ እንዲያሟላ ነው የተተወለት።

እንዲህ ያለው ሥራ በአገራችን ብዙ አልተለመደም። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ሽማግሌውም ወጣቱም ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚደክምበት ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ስል ግን ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ሰዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉትን አይሮፕላኖች በልክ አሳንሰው ባልሳ ከሚባል እንጨት ይገጥማሉ፤ ሞተር ያስገቡላቸዋል፤ ከዚያም ሜዳ ላይ ቆመው በእጃቸው በያዙት የራዲዮ መሣሪያ እያዘዙ ያበሯቸዋል፤ ያሳርፏቸዋል፤ አንዳንድ ቀንም በአንድ ደቂቃ ውስጥ የስድስት ወር ድካማቸውን ከመሬት ጋር አጋጭተው ፍርስራሹን በከረጢት ለቅመው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

እኔ ሣጥኑን ይዤ የዓባይን በረሃ ተሻገርሁና ደብረ ማርቆስ፣ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። ዕረፍቴን የማሳልፈው እዚያ ስለ ሆነ ብቻ አልነበረም። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ታናሽ ወንድም አለኝ፤ ፊዚክስ ይወዳል፤ ነገር ግን የሚያውቀው ፊዚክስ ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚደመሰስ ነው። «ወንድም ዓለም፣ ይኼ ነገር እውነት ይበራል?» ሲል ጠየቀኝ። «ይበራል» አልሁት። ምን ያህል ችኩል መልስ እንደ ሰጠሁት የተረዳሁት በኋላ ነው።

ስለ እንጨቱ ትንሽ ልናገር። ባልሳ በተለይ በደቡብ አሜሪካ፣ ከሁሉም ይልቅ በኢኳዶር የሚበቅል ዛፍ ነው፤ እንደ ባሕር ዛፋችን ፈጥኖ አዳጊ ሲሆን በስድስትና በሰባት ዓመት ለመቆረጥ ይደርሳል። የደረቀው እንጨት አንድ ሜትር ኩብ ቢመዘን በአማካይ 160 ኪሎ ያህል ብቻ ይሆናል፤ የተመረጠው ቀላሉ ወደ 100 ኪሎ ይወርዳል። ያው መጠን ያለው ውሃ 1000 ኪሎ እንደሚመዝን ሁሉም ያውቃል። የእኛ ወይራ ከውሃ ብዙም አይርቅም፤ ለሣጥንና ለከበሮ የምንወደው ዋንዛ እንኳ ከባልሳ በእጥፍ ይበልጣል። በአገራችን ለባልሳ የሚቀርበውን ነገር ልጆች ያውቁታል፤ እርሱም የማሽላና የበቆሎ አገዳ የውስጡ ልብ ነው። ከእርሱ መነጽርና መኪና ሠርቶ ያልተጫወተ የገጠር ልጅ ማን አለ?

ባልሳ የሚለው ቃል በስፓንያ ቋንቋ የእንጨት ታንኳ ማለት ነው ቢባል ለጣና አገር ሰው ደስ ይለዋል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1939 ዓ.ም. ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ከባልሳ ግንዶች በታሰረች ኮን-ቲኪ በተባለች መወጣጫ ከፔሩ ተነሥቶ በ101 ቀን ሰላማዊ ውቅያኖስን አቋርጦ የፖሊኔዝያ ደሴቶች ደርሷል። ይኸው ሰው በ1961 ዓ.ም. አትላንቲክን በደንገል ታንኳ ለማቋረጥ በተነሣ ጊዜ ደንገሉን የፈለገው ከየት ይመስላችኋል? ከእኛው ከጣና ሐይቅ ነው። ራ የተባለችው ታንኳው የተሠራችው ከጣና በታጨደ ደንገል ነበር። እንግዲህ በባልሳና በደንገል መካከል ያለውን ዝምድና እኔ አልፈጠርሁትም።

ባልሳን ለጨዋታ ብቻ የሚሆን እንጨት አድርጎ የሚንቅ ቢኖር ደግሞ የእንግሊዞችን ሞስኪቶ ያስብ። ኅዳር 16 ቀን 1933 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ይህ ባለ ሁለት ሞተር የጦር አይሮፕላን አካሉ በሁለት ስስ ኮምፔንሳቶ መካከል ባልሳ እየገባ የተጣበቀ ነበር። ብረትና አሉሚንየም በተወደደበት ዘመን የቤት ዕቃ አናጢዎች ሳይቀሩ ተሰልፈው ከ7000 በላይ ሠርተዋል፤ በፍጥነቱም የጠላት ተዋጊዎች እስኪቸገሩ ድረስ ያመልጣቸው ነበር።

በሣጥኔ ላይ የተሣለችው ግን ሞስኪቶ ሳትሆን ሀሪኬን ናት። እውነቱን ለመናገር ምርጫው የእኔ ቢሆን ኖሮ የምፈልገው ሌላ ነበር። ከ1940 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር ኀይል ከስዊድን አገር ያስመጣቸው ሳአብ 17 የተባሉ ቦምብ ጣዮች ነበሩ፤ ቁጥራቸው ከ40 በላይ ሲሆን ቢሾፍቱ ላይ ሆነው ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። ሥራውን ያደራጀው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም በጣልያን ወረራ ጊዜ በቀይ መስቀል አይሮፕላን ቁስለኛ ሲያመላልስ የነበረ ሰው ነው። የዚያን አይሮፕላን የሚገጠም ሣጥን በየሱቁ እንደ ልብ አይገኝም፤ የሚሸጠው ገዢ የሚበዛለት የእንግሊዝና የአሜሪካ አይሮፕላን ነው። ያም ሆኖ ሀሪኬን ለእኛ ባዕድ አይደለችም። የመጀመሪያዋ ሀሪኬን የበረረችው ጥቅምት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጣልያን መረብን ተሻግሮ ሊወረን ከተነሣ አንድ ወር ከጥቂት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ አፍሪካ አየር ኀይል አብራሪዎች በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት ከጣልያን አይሮፕላኖች ጋር የተጋጠሙት በእርሷ ነበር።

በዚያው ሀሪኬን በተሠራበት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አይሮፕላን ሠርቶ እንደ ነበር አንባቢዎቼ ታስታውሳላችሁ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም ፀሐይ ተብላ ተጠርታ ነበር። ጣልያኖች ማርከው ወሰዷትና በሙዚየማቸው አቆሟት፤ ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት እጅ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመት መሆኑ ነው። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ወጣት ማንም ሳያስተምረው ከመጽሐፍና ከኢንተርኔት እየለቀመ በአሮጌ የቮልስዋገን ሞተር አንድ ሰው የምትይዝ አይሮፕላን ሠርቶ ለመነሣት ሞክሮ ነበር፤ የዚያን ቀን ከመሬት አልተነሣችም። እኔ እንኳ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ራሴን አላስተካክልም፤ የእኔዋ ከዳር እስከ ዳር 135 ሳንቲ ሜትር ናት።

ሥራውን የጀመርነው በሐምሌ፣ የሰሜን ሸዋውን ጉም የሚያስንቅ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ነው። ንድፉን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በላዩ ላይ የሞራ ወረቀት አነጠፍን፤ እንጨቱን እያንዳንዱን በስፒል እየወጋን በንድፉ መስመር ላይ እንተክላለን፤ ከዚያ በኋላ በነጭ ኮላ እናጣብቃለን። የክንፉ የጎን አጥንቶች በሌዘር ተቆርጠው የመጡ ስለ ሆኑ ከገበታው ላይ በጣት ገፍቶ ማውጣት ብቻ ነው። የቀረውን በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል የእኛ ፈንታ ነበር።

የሰፈራችን አናጢ አንድ ቀን ሊያዩን መጡ። አርባ ዓመት ሙሉ በርና መስኮት የሠሩ ሰው ናቸው። አንዱን የባልሳ ገበታ አንሥተው በጥፍራቸው ጫን ቢያደርጉት ጥፍራቸው ሰመጠ። «ይኼን እንጨት ብላችሁ ነው?» አሉና መልሰው አስቀመጡት። ወንድሜ ግን አካሉ ተገጥሞ ያለቀውን ጭራ ሰጣቸውና «እስቲ ይጠምዝዙት አያ» አላቸው። ለመጠምዘዝ ሞከሩ፤ አልጠመዘዝም አላቸው። ወዲያና ወዲህ እያገላበጡ ከተመለከቱት በኋላ «ይኼማ ቤት ነው እኮ! ምሰሶው ይኸው፣ ማገሩ ይኸው፣ ወጋግራው ይኸው» አሉ።

የተናገሩት ልክ ነበር። እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ የንድፉን የእንግሊዝኛ ስሞች ትተን በእርሳቸው ቋንቋ እንነጋገር ጀመር። ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞት የሚሄደው ዘንግ ምሰሶ፣ በአካሉ ርዝመት የሚያልፉት ቀጫጭን ዘንጎች ማገር ሆኑ። እውነተኛዋ ሀሪኬንም ብትሆን ከአብራሪው ጀርባ ያለው አካሏ በብረት ቱቦ ላይ የእንጨት ቀለበትና የእንጨት ማገር ተደርጎ በሸራ የተለበሰ ነበር። ጥይት ሸራውን በስቶ ሲያልፍ ቀዳዳውን ጥፎ መልሶ መላክ ይቻል ስለ ነበር መካኒኮቹ ይወዷት ነበር ይባላል። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ጠረጴዛ ላይ የተሠራችው ትንሿ ሀሪኬን ከትልቋ ጋር በአሠራሯም ዘመድ ናት።

ክረምቱ ግን ሥራችንን አልወደደውም። ባልሳ እርጥበት እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። ማታ ቀጥ ብሎ ያደረ ክንፍ ጠዋት ጫፉን ወደ ላይ አንሥቶ ይገኛል። ሁለት ጊዜ ነቅለን ሁለት ጊዜ ሠራነው። በሦስተኛው ጊዜ እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት ቤት ውስጥ ከምድጃው ራቅ አድርገን፣ በላዩ ላይ መጻሕፍት ጭነን እንዲደርቅ አደረግነው። ከመጻሕፍቱም አንዱ የእኔ የዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ነበር፤ ከተመረቅሁ ወዲህ ለዚህን ያህል ጠቃሚ ሥራ ሲውል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እስከዚህ ድረስ የሆነው ሁሉ ማንም ትዕግሥት ያለው ሰው የሚወጣው ነው። ዋናው ነገር የመጣው በነሐሴ አጋማሽ ነው።

በንድፉ ጥግ ላይ አንድ መስመር ተጽፏል፤ ለመብረር የተዘጋጀው አይሮፕላን ከነሞተሩና ከነባትሪው ሁለት ኪሎ ይመዝናል ይላል። ወንድሜ ይህን ካነበበ በኋላ ሁለት ቀን ዝም ብሎ ሰነበተና በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ይዞ መጣ። «ወንድም ዓለም፣ ይኼ ሁለት ኪሎ የተባለው የት አገር ነው?» አለኝ። ጥያቄው አልገባኝም። «እኛ አገር እኮ ሽምብራ ቶሎ አይበስልም» አለና ደብተሩን ዘረጋልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2450 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በላያችን የሚጫነን አየር ያንሳል፤ ስለዚህም ነው ውሃ በምጥዋ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በደብረ ማርቆስ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፤ ንፍሮ የምታበስል ሴት ሁሉ ይህን ሕግ ስሙን ሳትጠራ ታውቀዋለች። የአየሩም ጥቅጥቅነት ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል፤ በደብረ ማርቆስ ግን 0.96 ኪሎ ገደማ ነው። ከመቶ 78 መሆኑ ነው።

ክንፍ ደግሞ አይሮፕላንን ወደ ላይ የሚይዘው አየርን ወደ ታች እየገፋ ነው። የሚገፋው አየር ከሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፈጠን ብሎ መሄድ አለበት። የእኛ ሀሪኬን ክንፏ 30 ካሬ ዴሲ ሜትር ያህል ነው። ወንድሜ እንዳሰላው ሁለት ኪሎ የምትመዝን ከሆነ በባሕር ጠረፍ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር እስክትዘገይ ድረስ ሳትወድቅ ትቆያለች፤ በደብረ ማርቆስ ግን ከ40 በታች ከዘገየች አየሩ ይለቃታል። አምስት ኪሎ ሜትር ምን አላት የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በከብት በተረጋገጠ ሜዳ ላይ በጣት ወፍረት የሽቦ እግር የምታርፍ አይሮፕላንን ያስባት። የሚመታት ኀይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነውና የማረፊያው ምት ከሩብ በላይ ይከብዳል።

ሞተሩም ያው ነው። በነዳጅ የሚሠራው ትንሽ ሞተር እንደ ሰው የሚተነፍስ ስለ ሆነ በዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ባይተነፍስም የሚያሽከረክረው መቅዘፊያ የሚነክሰው ያንኑ ስስ አየር ነውና ሰፋ ያለ መቅዘፊያ ሊገባለት ይገባል። ይህ የትንንሾቹ ብቻ ችግር አይደለም። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 የተባሉትን ጀቶች ባስገባ ጊዜ አሮጌው የልደታ ሜዳ ስላልበቃቸው አይሮፕላን ማረፊያው ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ የቦሌ መንደርደሪያዎች እስከ 3700 ሜትርና ከዚያም በላይ የረዘሙት ከተማዋ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ነው። በኅዳር 1933 ዓ.ም. ሻለቃ ዊንጌት ከኮሎኔል ሳንድፎርድ ጋር ሊገናኝ ወደ ጎጃም የመጣውም በአሮጌ የእንግሊዝ አይሮፕላን ሲሆን ያረፈው በሰከላ በኩል ተራራ ላይ በእጅ በተደለደለ አጭር ሜዳ ነበር። ወንድሜ ያን አብራሪ ከዊንጌት ይልቅ ያደንቀዋል፤ ስሌቱን ሠርቶ ስላየው ይሆናል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ወንድሜ በደብተሩ ግርጌ በቀይ አስምሮ ጽፎት ነበር፤ ትንሿ ሀሪኬን በደብረ ማርቆስ ላይ በባሕር ጠረፍ እንደምትበረው ሆና እንድትበር ከተፈለገ ሁለት ኪሎ ሳይሆን 1570 ግራም መሆን አለባት። 430 ግራም ይቀነስ ማለት ነው። አጽሟ በሙሉ የሚመዝነው 700 ግራም ገደማ መሆኑን ልብ በሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሚዛን ቤት ሆነ። አንድ የወርቅ ሠሪ ጎረቤታችን ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ሚዛኑን እያዋሰን እያንዳንዱን ገበታ መዘንን። ከአንድ ዛፍ የተቆረጠ የሚመስል ባልሳ እንኳ አንዱ ከሌላው እጥፍ ይመዝናል። ከባዱን ለምሰሶ፣ ቀላሉን ለጭራ አደረግን። ኮላውን በጣት መቀባት ትተን በመርፌ እያንጠባጠብን ማድረግ ጀመርን። ከአጥንቶቹ መካከል ኀይል የማይደርስባቸውን እየመረጥን ቀዳዳ በሳንባቸው። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ የሚወጣው የግራም አንድ ሦስተኛ ነው፤ ወንድሜ ግን ፍርፋሪውን በብልቃጥ እየሰበሰበ ማታ ማታ ይመዝነው ነበር።

በዚህ መካከል የተማርሁትን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። አይሮፕላን የክብደት መኻሉ ከክንፉ ፊት ጠርዝ ወደ ኋላ፣ ከክንፉ ስፋት ሩብ ወይም ጥቂት አለፍ ባለ ቦታ ላይ መዋል አለበት። ሀሪኬን ደግሞ አፍንጫዋ አጭር፣ ጭራዋ ረጅም ናት፤ በእኛዋ ላይ ጭራው ከመኻሉ ያለው ርቀት የአፍንጫው ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ በጭራ ላይ አንድ ግራም የጨመረ ሰው ሚዛኑን ለማስተካከል በአፍንጫ ላይ ሦስት ግራም እርሳስ መጨመር ግድ ይሆንበታል፤ በአንድ ፈንታ አራት ይከፍላል ማለት ነው። ከጭራው ላይ 22 ግራም ባወጣን ጊዜ ከጠቅላላው ወደ 90 ግራም የሚጠጋ ተረፈን። ይህ ሲሆን ወንድሜ ብድግ ብሎ በክፍሉ ውስጥ ዞረ። ፊዚክስ ከሰሌዳው ላይ የወረደለት ያን ዕለት ይመስለኛል።

በመስከረም ፀሐይ ስትወጣ ልብሷን አለበስናት። ልብሱ ስስ ላስቲክ መሰል ነገር ነው፤ በካውያ ሲተኮስ ይሸበሸብና ተወጥሮ እንደ ከበሮ ቆዳ ይሆናል። የእናቴ ካውያ ለአንድ ሳምንት ከልብስ ጋር አልተገናኘም። ቀለሙን ቀነስን፤ ቀለም ይከብዳል። በሞተሩ፣ በባትሪውና በራዲዮው ቦታ የእነርሱን ያህል የሚመዝን ምስር በትንንሽ ከረጢት ሰፍተን አስገባንና ሰቅለን መዘንናት። 1720 ግራም ሆነች። ከ430 ግራም 280ውን አውጥተናል ማለት ነው። እንደ ወንድሜ ስሌት አየሩ የሚለቃት በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የምትበር አይሮፕላን ናት።

በምስሩ ፈንታ ሞተርና ራዲዮ ይግባባት አላልንም። አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። በራዲዮ እየታዘዘ የሚበር ዕቃ ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዘመዳችንም ይህን ስለሚያውቅ እንጨቱን ብቻ ነው ያመጣው። እኔ ማመልከቻ ለመጻፍ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። ለተማሪ የሚሆን፣ በተወሰነ ሜዳና በተወሰነ ሰዓት በአስተማሪ ፊት የሚደረግ የፈቃድ መንገድ ቢኖር መልካም ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ፤ ሕጉን የሚያረቁ ወጣት ሹማምንት ይህን ጽሑፍ ካነበቡት በጉዳዩ ቢያስቡበት አልጠላም።

ሁለተኛው ምክንያት አያቴ ናቸው። ዕድሜያቸው ከዘጠና አልፏል። ትንሿን ሀሪኬን ልብሷን ለብሳ በመደቡ ላይ ባዩአት ጊዜ ሁለት ጣታቸውን ዘርግተው ክንፏን ነኩትና «ድምጥ አለው?» ብለው ጠየቁን። ሞተር ሲገባላት ይኖራታል አልናቸው። ዝም አሉ። እርሳቸው ሕፃን ሳሉ የጣልያን አይሮፕላን ድምፅ ሲሰማ እናታቸው አንቀልባ ላይ እንዳሉ ወደ ገደል ሥር ይዘዋቸው ይሮጡ እንደ ነበር ሲነገራቸው ያደጉ ናቸው። በልጅነታቸውም መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ሰማዩ ዝም ማለቱን ትልልቆቹ እንደ ተአምር ሲያወሩት ሰምተዋል። ይህ የድሮ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ታሪክ ነው ብዬ ባለፍሁት። ነገር ግን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጎጃም ውጊያ የገባበት አገር ሆነ፤ ውጊያውም ሰው አልባውን አይሮፕላን ወደ ሰማዩ አመጣው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከላይ የሞተር ድምፅ የሰማች እናት አንገቷን ቀና አድርጋ መጫወቻ መሆን አለመሆኑን እስክታይ አትጠብቅም፤ ልጇን አንሥታ ትሮጣለች። በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደስ እንዲለን ብለን በሜዳ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ እንዲህ ልናስሮጠው ነውን?

ማመልከቻውን አልጻፍሁትም። ወንድሜ ተቈጣ፤ ሦስት ቀን አላናገረኝም። መቈጣቱ ተገቢ ነበር፤ ይበራል ብዬ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝና። በአራተኛው ቀን የክንፏን ሆድ ከፍቶ ምስሩን አወጣ፤ ለእናታችንም መለሰላት። በምስሩ ቦታ በትንሽ ወረቀት «ሞተር 310 ግራም፣ ባትሪ 390 ግራም፣ ራዲዮና ሰርቮ 140 ግራም» ብሎ ጽፎ አጣበቀ፤ ባዶውን ቦታ ሌላ ሰው እንዳይሞላው የፈለገ ይመስላል። አሁን ሀሪኬን በሚማርበት ክፍል ጣራ ሥር በሁለት ክር ተሰቅላለች። የፊዚክስ አስተማሪው ስለ ክብደት መኻል ሲያስተምሩ በዱላ ጫፍ ያሳዩባታል አሉ።

እኔ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ በተዘጋጀሁበት ዋዜማ ማታ ግቢው ውስጥ ሳቅ ሰማሁና ወጣሁ። ወንድሜ ከተረፈው ባልሳና ከበቆሎ አገዳ የእጅ ውርወራ አይሮፕላን ሠርቷል፤ ክንፉ የስንዝር ተኩል ያህል ነው፤ በወርቅ ሠሪው ሚዛን 18 ግራም መዝኗል። ሞተር የለውም፤ ራዲዮ የለውም። ከበሩ ወረወረው። ሳይቸኩል ተንሳፈፈና በጌሾው ላይ አልፎ፣ ትንሽ ወደ ግራ ዞሮ፣ አጥሩ ሥር አረፈ። አያቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው መለስ አድርገው አዳመጡ።

«ይኼኛው ድምጥ የለውም?»

«የለውም እምዬ» አላቸው።

«በል እንግዲያ ድገመው» አሉት።